የአሜሪካ ቤዝቦል ሜዳዎች ምግብ በሐበሻ ዓይን፦ የቱ ይበላል፣ የቱ ይቅር

ሰመር ሲገባ ዘመድ ይመጣል። ዘመድ ሲመጣ ደግሞ የት እንውሰዳቸው የሚለው ሐሳብ ይመጣል። ዋይት ሀውስ በር ላይ ፎቶ፣ ሊንከን ሐውልት ሥር ፎቶ፣ ከዚያ ሞል፣ ከዚያ ቤት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቤዝቦል ሜዳ ውሰዷቸው ነው የምለው። ጨዋታው ባይገባቸውም ምንም አይደል። ቤዝቦል እየበሉ፣ እየጠጡና እያወሩ የሚያዩት ነገር ነው። እግር ኳስ ላይ አንዴ ዞር ካላችሁ ጎል ያመልጣችኋል። እዚህ ግን ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር፣ አለ፣ በየመሃሉ እረፍት አለ፣ ሰው ይነሳል፣ ይሰለፋል፣ የሚበላውን ይዞ ይመለሳል፣ ያመለጠውንም አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ይነግረዋል። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው፤ 81ዱን የሚጫወተው በራሱ ሜዳ ነው። ስለዚህ ትልቅ ጨዋታ ካልሆነ በቀር ትኬት አይጠፋም፣ በሥራ ቀን ከሆነ ደግሞ ረከስ ይላል።

ስለ ሜዳ ምግብ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሞልቷል። እኛ የምንጠይቀውን ግን አይመልስም። እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው አሳማ አለበት ወይ ብለን ነው። ቀጥለን ዛሬ ረቡዕ ነው፣ የጾም ነገር አለ ወይ እንላለን። ሙስሊም ጓደኞቻችን ደግሞ ሃላል ነው ወይ ይላሉ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የቤዝቦል ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በዚህ መሃል የዐቢይ ጾም መጨረሻ፣ የሐዋርያት ጾምና ፍልሰታ ይገባሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ሳይቆጠር ማለት ነው። ወጥቶ ለመዝናናት የሄደ ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ ጾሙን ውሎ ውሃ ብቻ ጠጥቶ እንዲመለስ አልፈልግም።

የኔ መለኪያ አንድ ነው። ሜዳው ከተማው ራሱ የሚበላውን አስገብቷል ወይ? ካስገባ ጥሩ ነው። የትም የሚገኘውን ናቾስ፣ የትም የሚገኘውን የዶሮ ጥብስ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ግን ውጭ በልቶ መግባት ይሻላል። ስሙን የማልጠራው አንድ ሜዳ አለ። አንድ ሙሉ ኢኒንግ ተሰልፌ የተሰጠኝ ዶሮ ቀዝቅዟል፣ ድንቹ ልፍስፍስ ብሏል፣ ከዚያ ላይ ስክሪኑ ጉርሻ ስንት ልጨምር ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ቦታ ከተማውንም ያስጠላል። በጣም ያናድዳል፣ ምክንያቱም ከሜዳው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ጥሩ ምግብ ነበር።

ከዲሲ ልጀምር። አብዛኞቻችን ያለነው እዚህ አካባቢ ነው፣ ዘመድም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚሁ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የዲሲው ቡድን የናሽናልስ ሜዳ፣ ናሽናልስ ፓርክ፣ የተከፈተው በ2008 ነው። ትልቁ ጥቅሙ ሜትሮው ነው። ከዩ ስትሪት ጣቢያ ግሪን ላይን ስትይዙ ባቡር ሳትቀይሩ ሰባተኛው ፌርማታ ኔቪ ያርድ ነው፣ ሜዳው ከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው። ዩ ስትሪት ማለት ደግሞ 9ኛው መንገድ አጠገብ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ የተሰበሰቡበት። ስለዚህ እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ቀኑን እንዲህ አድርጉት። ከሰዓት በኋላ 9ኛው መንገድ ላይ ክትፎ ወይም በያይነቱ ብሉ፣ ቡና ጠጡ፣ ከዚያ ግሪን ላይን ያዙ። የምሽት ጨዋታ በእኛ ሰዓት አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚጀምረው። ጠግባችሁ ስለምትገቡ ውስጥ የምትገዙት ለውዝና የሚጠጣ ብቻ ነው።

እዚያው ዩ ስትሪት ላይ ቤንስ ቺሊ ቦውል አለ። በ1958 ነው የተከፈተው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሲገደሉ ሰፈሩ በረብሻ ሲቃጠል በሩን ሳይዘጋ የቆየ ቤት ነው፣ ኦባማም ሊሾሙ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው እዚያ ሄደው በልተዋል። ናሽናልስ ፓርክ ውስጥም መሸጫ አለው፤ ይሄ ነው ከተማው ሜዳው ውስጥ ገባ የምለው። ዝነኛው ምግባቸው ሃፍ ስሞክ የሚባለው ያጨሱት ቋሊማ ነው፤ ላዩ ላይ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርትና ቺሊ፣ ማለትም በቅመም የተሠራ ወፍራም የሥጋ ወጥ፣ ይደረግበታል። ችግሩ ቋሊማው ግማሹ የበሬ ግማሹ የአሳማ ነው። ስለዚህ ለብዙዎቻችን አይሆንም። ዩ ስትሪት ያለው ዋናው ቤት ግን የበሬ ሆት ዶግም፣ ሥጋ የሌለው ቺሊም አለው። እኔ ቺሊ ያለበትን ድንች ጥብስ ነው የምመርጠው። ቺሊው ወፍራም ነው፣ ቅመሙ ይሰማል፣ በርበሬ ለለመደ አፍ ግን ትንሽ ለስላሳ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሚያቃጥል ሶስ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። ሜዳው ውስጥ ያለው ሜኑ አጠር ያለ ስለሆነ ምርጫ የሚፈልግ ሰው ዩ ስትሪት በልቶ ይምጣ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ባልቲሞር።

የኦሪዮልስ ሜዳ፣ ካምደን ያርድስ፣ በ1992 ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሜዳዎች ብዙዎቹ የሱን መልክ ነው የተከተሉት። ከሜዳው ቀኝ በኩል ረጅም የጡብ ሕንፃ አለ፣ የድሮ የባቡር መጋዘን ነው። በመጋዘኑና በሜዳው መካከል ዩታው ስትሪት የሚባል መንገድ ያልፋል፤ ጨዋታ ባለ ቀን መንገዱ የሜዳው አካል ይሆናል። እዚያ ላይ ኳስ ተመትቶ ያረፈበት ቦታ ሁሉ መሬቱ ላይ ትንሽ የነሐስ ምልክት ተደርጎበታል። ልጆች እያጎነበሱ ስም ሲያነቡ ታያላችሁ። እና ከዚያ መንገድ ላይ ጭስ ይመጣል።

ጭሱ የቡግስ ባርቤኪው ነው። ባለቤቱ ቡግ ፓወል ይባላል፣ የኦሪዮልስ የቀድሞ ተጫዋች ነው፤ በ1970 የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ለብዙ ዓመታት ራሱ እዚያ እየተገኘ ከሰው ጋር ሲያወራና ሲፈርም ይታይ ነበር። የሚበላው ፒት ቢፍ ነው። ይሄ የባልቲሞር ምግብ ነው፤ ሌላ ከተማ ብትጠይቁ ብዙ ሰው አያውቀውም። ትልቅ የበሬ ሥጋ በከሰል ላይ ይጠበሳል፤ ውጩ እስኪጠቁር፣ ውስጡ ግን ቀላ እንዳለ። ከዚያ ስስ ስስ አድርገው ይቆርጡታል። ክብ ዳቦ ላይ ይቆለላል፣ ጥሬ ሽንኩርት ይጨመራል፣ ሆርስራዲሽ የሚባል የተፈጨ የሚያቃጥል ሥር ይደረግበታል። ሆርስራዲሹ ነው ነገሩን የሚሠራው። ምላስን ሳይሆን አፍንጫን ነው የሚይዘው፣ ሰናፍጭ የሚወድ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እንዲጨምሩላችሁ ጠይቁ፣ አይሳሱም። የተቃጠለውን ጫፍ የምትወዱ ከሆነም ለሚቆርጠው ሰው ንገሩት። ውስጡ ቀይ ከሆነ የማይመቸው እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ በደንብ የበሰለውን ጎን እንዲሰጣችሁ ማለት ይቻላል።

አሳማም ይሸጣሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ቢላዋውና መክተፊያው የተለየ መሆኑን ቢጠይቅ ጥሩ ነው፣ ሰው አይቆጣም። ሰልፉ ጨዋታ ሊጀምር ሲል በጣም ይረዝማል። በሮቹ ሲከፈቱ ቶሎ ግቡና በሉ፣ አለዚያ ሦስተኛ አራተኛ ኢኒንግ ላይ ውረዱ፤ ያኔ ቀለል ይላል።

ባልቲሞርን ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ኦሪዮልስ ምግብ ከውጭ ይዞ መግባት ይፈቅዳል። በአግባቡ የታሸገ አልኮል የሌለው መጠጥም እንዲሁ። ሜዳው አካባቢ መንገድ ላይ ለውዝና ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፣ ከውስጡ ዋጋ ጋር አይገናኝም። ይሄ ለኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሳምቡሳ ማለት ነው! የምስር ሳምቡሳ የጾም ነው፣ በአንድ እጅ ይበላል፣ አይንጠባጠብም፣ ቢቀዘቅዝም አይከፋም። ከሐበሻ ሱቅ ጠዋት ገዝቶ በወረቀት ጠቅልሎ መያዝ ነው። ቆሎ ደግሞ በፕላስቲክ። በያይነቱ በሳጥን ይዘው የሚመጡ አይቻለሁ፤ አልመክርም፣ ጭን ላይ ሽሮ ይዞ ሰው ሊያልፍ ሲል መነሳት መከራ ነው። እንጀራ ካስፈለገ ጎመንና ድንች ውስጡ አድርጎ ጥቅልል ማድረግ ይሻላል። አጠገባችሁ የተቀመጠ አሜሪካዊ ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ አንድ ሳምቡሳ ስጡት፣ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ያስረዳችኋል።

ስለ ሸርጣን ልበል። ሜሪላንድ ማለት ሸርጣን ነው፤ ሜዳው ውስጥም ከተማው ውስጥም ኦልድ ቤይ የሚባለውን ቀይ ቅመም የማይነሰንሱበት ነገር የለም። ሸርጣን ለሚበሉ ሌክሲንግተን ማርኬት አለ፤ ከ1782 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው፣ ከሜዳው በእግር ይደረሳል፣ ውስጡ ያለው የፌድሊስ ክራብ ኬክ በአገር የታወቀ ነው። እኔ ሸርጣን አልበላም፣ ስለዚህ ጣዕሙን አልፈርድም። ኦልድ ቤይ የተነሰነሰበት ድንች ጥብስ ግን እወዳለሁ። ጨውና ቅመም ብቻ ስለሆነ ለጾምም ይሆናል፤ የሚያሳስበው ዘይቱ ነው። ዶሮ የተጠበሰበት ዘይት ሊሆን ይችላል፣ ለሚጠነቀቅ ሰው ጠይቁ።

ከዲሲ ወደ ባልቲሞር በማርክ ባቡር መሄድ ይቻላል። የካምደን መስመር ሜዳው ጎን ነው የሚቆመው፣ ግን በሥራ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው፣ ማታም ስለሚያልቅ የመልሱን ሰዓት ሳታዩ እንዳትሄዱ። ቅዳሜና እሑድ የፔን መስመር አለ፣ ከፔን ስቴሽን ደግሞ በላይት ሬል ትወርዳላችሁ።

ፊላደልፊያ ሌላ ነገር ናት። እዚያ ከተማው ራሱ ሳንድዊች ነው የሚበላው። ቺዝስቴክ ይባላል፤ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ምጣድ ላይ እየተከተከተ ከሽንኩርት ጋር ይጠበሳል፣ አይብ ይቀልጥበታል፣ ረጅም ዳቦ ውስጥ ይገባል። አሳማ የለበትም። ለኛ የተመቸ ነው። የታወቁት ቤቶች ሁለት ናቸው፤ ፓትስ በ1930 ጀመረ፣ ጂኖስ በ1966 ፊት ለፊቱ ከፈተ፣ ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። እንግዳ ይዞ ለመሄድና ለፎቶ ጥሩ ናቸው፣ የከተማውን ምርጥ ቺዝስቴክ ለመብላት ግን ሌላ ቦታ ሂዱ እላለሁ፤ የሰፈር ቤቶቹ ሥጋቸውን አብዝተው፣ ዳቦውን በቅጡ ነው የሚሰጡት። ስታዝዙ ፈጠን በሉ። የአይቡን ዓይነት፣ ሽንኩርት ይግባ አይግባ፣ በቃ። ኋላችሁ ያለው ሰልፍ አይታገስም። ፊላደልፊያ ብዙ ሙስሊም ያለባት ከተማ ስለሆነች ሃላል ቺዝስቴክ የሚሠሩ ቤቶች አያሌ ናቸው፤ በሌላ ከተማ እንደዚህ አይገኝም። ይሄን ለሙስሊም ጓደኞቼ ሁሉ እናገራለሁ።

የፊሊስ ሜዳ፣ ሲቲዝንስ ባንክ ፓርክ፣ በ2004 ነው የተከፈተው። ከመሃል ከተማ በብሮድ ስትሪት መስመር መጨረሻው ፌርማታ ነው። አሽበርን አሊ የሚባለው ከሜዳው ጀርባ ያለው መተላለፊያ ላይ ነው ምግቡ ያለው፤ ቺዝስቴክም እዚያው አለ። ሥጋ ለማይበላ ሰው ምርጫ በማቅረብም ከድሮ ጀምሮ ስሙ የተነሳ ሜዳ ነው። ለጾም ቀን ይሄንን ነው የምመርጠው። የፊላደልፊያ ፕሬትዝልም አለ፤ ለስላሳ፣ ላዩ ላይ ደረቅ ጨው ያለበት፣ ሰናፍጭ ተቀብቶ የሚበላ። አንዳንድ ቦታ ቅቤ ይቀቡታልና ሳይቀቡት እንዲሰጧችሁ ንገሯቸው። ዋተር አይስ የሚሉት ደግሞ ፍራፍሬ ያለው በረዶ ነው፣ ወተት የለውም፣ በሐምሌ ሙቀት ነፍስ ይዘራል። ምግብ ይዞ መግባትም ይፈቀዳል። ምዕራብ ፊላደልፊያ፣ ባልቲሞር አቬኑ አካባቢ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ ሳምቡሳው እዚያም አይጠፋም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ የጾም ምግብ ስትፈልጉ ቪጋን ብላችሁ ጠይቁ። ቬጀቴሪያን ካላችሁ አይብና እንቁላል ያለበትን ያመጡላችኋል።

ቦስተንን ቶሎ ልለፈው። ፌንዌይ ፓርክ በ1912 የተከፈተ፣ አሁን ከሚጫወቱባቸው ሜዳዎች ሁሉ የቆየው ነው። ሜዳውን ለማየት ሂዱ። ግራ በኩል ያለው አረንጓዴ ግድግዳ ብቻ ከ11 ሜትር በላይ ነው። ምግቡን ግን ለኛ አላገኘሁትም። ውጭ ላንስዳውን ስትሪት ላይ የሚጠበሰው ቋሊማ፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ከሩቅ ይጣራል፤ አብዛኛው ግን የአሳማ ነው። ለውዝ ገዝቶ መቀመጥ ነው። የድሮዎቹ የእንጨት ወንበሮች ጠባብ ስለሆኑ ሰፋ ያለ ሰው ወንበር ሲመርጥ ያስብበት።

ሺካጎ ግን ደስ ትላለች። ሺካጎ ሆት ዶግን እንደ ቀልድ አታየውም። ቪየና ቢፍ የሚባለው ኩባንያ ታሪኩ ከ1893ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን ይጀምራል፤ ቋሊማው ንጹሕ የበሬ ነው። ከተማው ውስጥ የቪየና ቢፍን ምልክት በር ላይ የለጠፉ ትናንሽ ቤቶች ሞልተዋል፤ ምልክቱን ካያችሁ ስለ አሳማ መጨነቅ ቀርቷል ማለት ይቻላል፣ ቢሆንም ሌላ ቋሊማም ስለሚሸጡ ሆት ዶጉን በስሙ ጠርታችሁ እዘዙ። አሠራሩን ቆማችሁ እዩት። ዳቦው ላይ የፖፒ ፍሬ አለ፣ በእንፋሎት ይለሰልሳል። ቋሊማው ይገባል። ቢጫ ሰናፍጭ በመስመር ይሄዳል። ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ ሬሊሽ፣ ማለትም ደቆ የተከተፈ ጣፋጭ የኪያር ኮምጣጤ፣ ይከተላል፣ ከዚያ የተከተፈ ሽንኩርት። ቲማቲሙ በአንድ ጎን ይሰካል፣ ኮምጣጤ ውስጥ የቆየ ኪያር በሌላው ጎን። ሁለት ትናንሽ የሚያቃጥሉ ቃሪያዎች ከላይ ይቀመጣሉ። መጨረሻ ላይ የሴለሪ ጨው ነስነስ ይደረጋል። ይሄ ሁሉ ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ስትነክሱት ጨው፣ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛና የሚያቃጥል በአንድ ጊዜ ይመጣል። ኬቻፕ የለም። ኬቻፕ አምጡ ብትሉ አንዳንዱ ቤት ፊቱን ያጠቁርባችኋል፣ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ያንን ሁሉ ደክመው ሠርተውት ጣፋጭ ቀይ ነገር ማፍሰስ ያበላሸዋል።

ኢታሊያን ቢፍም እዚያው ከተማ ነው። ስስ የበሬ ሥጋ በመረቁ ውስጥ ሞቆ ዳቦ ላይ ይደረጋል፣ ዳቦውን ከነሥጋው መረቅ ውስጥ ነክረው ይሰጧችኋል፣ ላዩ ላይ የሚያቃጥል አትክልት ይጨመራል። መረቅ የነካው ዳቦ ለምንወድ ሰዎች ይሄ ልብ የሚያደርስ ምግብ ነው። ቆማችሁ፣ ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጋችሁ ብሉ፤ አለዚያ ልብሳችሁ ላይ ይወርዳል።

ሜዳዎቹ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ሬድ ላይን ላይ ናቸው። ሰሜን ያለው ሪግሊ ፊልድ በ1914 የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሐረግ ወጥቶበታል፣ ጣቢያው አዲሰን ይባላል። ደቡብ ያለው የዋይት ሶክስ ሜዳ ነው፤ ጣቢያው ሶክስ 35ኛ ነው። የሪግሊን መልክ የሚያህል የለም። ምግብ ካላችሁ ግን ዋይት ሶክስ ጋ ሂዱ፣ ኤሎቴ አለ። በቆሎ ነው፣ የሜክሲኮ አሠራር። ፍሬውን ከእሸቱ ላይ ፊታችሁ በቢላ ያወርዱታል፣ ኩባያ ውስጥ ይገባል፣ ቅቤ፣ ማዮኔዝ፣ አይብ፣ ሎሚና የሚጥሚጣ ዓይነት ዱቄት ይጨመርበታል። ለጾም ቅቤውን፣ ማዮኔዙንና አይቡን ተዉት በሏቸው። ሎሚና ቃሪያ ብቻ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ክረምት የመንገድ ዳር በቆሎ እሸት ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው፣ ወቅቱም አንድ ነው። ከዚያ ሬድ ላይንን ወደ ሰሜን ይዛችሁ ኤጅዋተር ሰፈር ብትወርዱ ብሮድዌይ መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። በአንድ ባቡር ትኬት በቆሎም፣ ጨዋታም፣ እንጀራም።

ሚልዋኪ ከሺካጎ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰው አብሮ ያየዋል። ዝነኛው ብራትዉርስት ነው፣ የጀርመኖች ቋሊማ፣ አሳማ ነው። ግን ሚልዋኪ አንድ የሚወደድ ባህል አለው። ሰዉ ከጨዋታው በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ የራሱን ከሰል አቀጣጥሎ የራሱን ሥጋ ይጠብሳል። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ወንበሩ፣ ሁሉ አለ። የበግ ጎድንና ጥብስ ለምናውቅ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። ሥጋችሁን ቤት በሮዝመሪና በነጭ ሽንኩርት አሽታችሁ በማቀዝቀዣ ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሚጥሚጣ እንዳትረሱ። ትንሽ ጥብስ ለጎረቤት ስጡ፣ ቢራ ይመጣላችኋል።

ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ሲያትል ለኛ ቀላል ከተማ ናት። ከአየር ማረፊያው የሚነሳው ባቡር ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት ሬይኒየር ቫሊ አልፎ ስታዲየም ጣቢያ ይደርሳል። ሻንጣችሁን ዘመድ ቤት ጥላችሁ፣ ጥብስ በልታችሁ፣ በዚያው መስመር ሜዳው ጋ ናችሁ። የማሪነርስ ሜዳ ዝነኛ የሆነው ከ2017 ጀምሮ በሚሸጠው የተጠበሰ ፌንጣ ነው፤ ቃሪያ፣ ሎሚና ጨው አለበት። በአንድ ጨዋታ 312 ትእዛዝ ብቻ እንሸጣለን ብለው ወሰን አበጁለት፤ የቡድኑ ትልቅ ተጫዋች ኤድጋር ማርቲኔዝ የምት አማካይ .312 ስለነበረ ለሱ ክብር ነው። ብዙ ሰው ለፎቶ ይገዛዋል። እኔ አንበጣ ማሳ ሲጨርስ ከሚታወቅበት አገር ስለመጣሁ አፌ ላይ ላደርገው አልፈለግሁም። በነጭ ሽንኩርት የተለወሰውን ድንች ጥብስ ግን ብሉት። ነጭ ሽንኩርቱ እውነተኛ ነው፣ ለሁለት ይበቃል።

ሎስ አንጀለስ ላይ ዶጀር ስታዲየም አለ፣ በ1962 የተከፈተ። ዶጀር ዶግ የሚባለው የዱሮው የሜዳው ሆት ዶግ በአሳማ ሥጋ ነው የሚታወቀው፣ የበሬ ከፈለጋችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው ሊትል ኢትዮጵያ ከ2002 ጀምሮ በከተማው በይፋ የታወቀ ሰፈር ነው፣ ግን ከሜዳው ሩቅ ነው፣ መንገዱም የሎስ አንጀለስ መንገድ ነው። ምሳችሁን እዚያ ብሉና በጊዜ ውጡ።

ስለ መጠጥ። ቢራ የትም ሜዳ ውድ ነው፣ ይሄን ለማስቀረት መንገድ የለም፣ ግን ከሜዳው ውጭ ባሉት ቤቶች አንድ ጠጥቶ መግባት ይቻላል። ባልቲሞር ላይ የሰፈሩ ቢራ ናቲ ቦ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ለሙቀት የሚሆን። የድሮው ልማድ ከሰባተኛው ኢኒንግ በኋላ ቢራ አይሸጥም የሚል ነው። በ2023 ኳስ ወርዋሪው እንዳይዘገይ ሰዓት ተደረገበት፣ ጨዋታው በአማካይ ከ3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ፣ አንዳንድ ቡድኖችም ሽያጩን ወደ ስምንተኛው ገፉት። እንዲያም ሆኖ መጠጡን ቀደም ብሎ መያዝ ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ፓስፖርቱን ይያዝ። 21 ዓመት መሙላቱን የሚያሳይ መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ አባትዬው ሽበት በሽበት ቢሆኑም ይጠይቃሉ፣ እሳቸውን መናቅ አይደለም፣ ደንባቸው ነው። ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አለዚያ ይከፋቸዋል።

ቡና ሜዳ ውስጥ አትግዙ። የትኛውም ሜዳ ላይ ቡና ብዬ የምጠራው ነገር አልገጠመኝም፤ የቆየ፣ የተቃጠለ፣ ቀጭን ነው። የቀን ጨዋታ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጠጡ።

ገንዘብ በካርድ ነው። ብዙዎቹ ሜዳዎች አሁን ካሽ አይቀበሉም፤ ከአገር ቤት ዶላር ይዞ የመጣ እንግዳ ልጋብዛችሁ ብሎ ሲሰለፍ እንዳያፍር ካርዳችሁን አብራችሁ ይዛችሁ ቁሙ። የቦርሳና የምግብ ደንብ ደግሞ በየሜዳው ይለያያል፣ በየዓመቱም ይቀየራል። አንዳንዱ ውስጡ የሚታይ ቦርሳ ብቻ ነው የሚያስገባው። ሳምቡሳውን ከመጠቅለላችሁ በፊት የቡድኑን ድረ ገጽ እዩ፤ ባልተፈቀደበት በር ላይ ይዛችሁ ብትደርሱ ወይ እዚያው ቆማችሁ ትጨርሱታላችሁ፣ ወይ ወደ መኪና ትመለሳላችሁ።